የፖሊኖሚያል ሥር ምንድን ነው?

ፖሊኖሚያል የአንድ ተለዋዋጭ ርቢዎች በቁጥር ተባዝተው የተደመሩበት አገላለጽ ነው። የአንድ ፖሊኖሚያል ሥር የሚባለው በተለዋዋጩ ቦታ ሲተካ ውጤቱን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ነው። ተለዋዋጩን ተ እንበለው። ተ² − 5ተ + 6 ላይ 2ን ብንተካ 4 − 10 + 6 = 0 ስለሚሆን 2 ሥር ነው፤ 3ም እንዲሁ።

ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ጠቃሚው ነገር ከትርጉሙ የሚከተለው ነው። 3 ሥር ከሆነ (ተ − 3) ፖሊኖሚያሉን ያለ ቀሪ ያካፍለዋል፤ ያለ ቀሪ ካካፈለውም 3 ሥር ነው። ስለዚህ ሥር መፈለግና በፋክተር መበተን አንድ ሥራ ናቸው፤ አንድ ሥር በተገኘ ቁጥር የቀረው እኩልታ ዲግሪ (የተለዋዋጩ ትልቁ ርቢ) በ1 ይወርዳል። ዲግሪው 4 የሆነ ፖሊኖሚያል ከ4 በላይ ሥር ሊኖረው የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን (የአሉታዊ ቁጥር ዳግም ዘር ያለባቸውን) ከጨመርንና የተደጋገመውን ሥር በድግግሞሹ ልክ ከቆጠርን ደግሞ ልክ 4 ይሆናሉ።

ዲግሪ 2 ላይ ቀመር አለን። ሀተ² + ለተ + መ = 0 ሲሆን (ሀ ዜሮ አይደለም)፣

ተ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀመ)) ÷ (2ሀ)

እዚህ ላይ ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው 2ሀን ለዳግም ዘሩ ብቻ ማካፈያ ማድረግ ነው፤ የሚያካፍለው −ለንም ጭምር ነው። ሁለተኛው ለ አሉታዊ ሲሆን ዳግም ርቢውንም አሉታዊ አድርጎ መጻፍ ነው፤ (−5)² = 25 ነው። ሦስተኛው ቀመሩ ጋ ሳይደረስ የሚመጣ ነው፦ ተ² = 5ተ የሚል እኩልታ ሲያዩ ሁለቱንም ወገን ለተ አካፍሎ ተ = 5 ብሎ መጨረስ። ተ ዜሮ ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ማካፈል አይፈቀድም፤ ያካፈለ ሰው 0 የተባለውን ሥር ጥሎታል። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥቶ ተ(ተ − 5) = 0 ብሎ መጻፍ ነው ትክክለኛው።

በዳግም ዘሩ ምልክት ውስጥ ያለው ለ² − 4ሀመ ዲስክሪሚናንት ይባላል። ሳንፈታ ስለ መልሱ ብዙ ይነግረናል። ከዜሮ ከበለጠ ሁለት የተለያዩ እውን ሥሮች አሉ፤ ግራፉ አግድሙን ዘንግ በሁለት ቦታ ይቆርጣል። ዜሮ ከሆነ ሁለቱ ሥሮች አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ ግራፉ ዘንጉን ነክቶ ይመለሳል። ከዜሮ ካነሰ ግራፉ ዘንጉን አይነካም፤ ሥሮቹ ኮምፕሌክስ ናቸው። ሀ፣ ለ እና መ ሙሉ ቁጥሮች ሆነው ዲስክሪሚናንቱ እንደ 49 ወይም 121 የሌላ ሙሉ ቁጥር ዳግም ርቢ ከሆነ፣ ሥሮቹ ሙሉ ቁጥር ወይም ክፍልፋይ ናቸው። በፋክተር መሞከር የሚያዋጣው ያኔ ብቻ ነው።

የሁለቱ ሥሮች ድምር −ለ÷ሀ፣ ብዜታቸው ደግሞ መ÷ሀ ነው። ይህ ለማረጋገጫ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል፤ አስተማሪዎችም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብቻ ያልፉታል። ስሌት ላይ ግን ቀመሩ ራሱ ሲበላሽ የሚያድነን እርሱ ነው። ተ² − 60ተ + 1 = 0 እንውሰድ። ዲስክሪሚናንቱ 3596 ነው፤ ዳግም ዘሩ ወደ ሁለት አስርዮሽ ቤት ሲጠጋጋ 59.97 ይሆናል። ትንሹን ሥር በቀመሩ ብናሰላ (60 − 59.97) ÷ 2 = 0.015 እናገኛለን። እውነተኛው ግን ወደ 0.01667 ነው፤ ስህተቱ 10 በመቶ ገደማ ደረሰ። ምክንያቱ የሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮች መቀናነስ ነው፦ የጋራ አሃዞቻቸው ተጣፍተው የማጠጋጋቱ ስህተት ብቻውን ይቀራል። መፍትሔው መቀነስ የሌለበትን ትልቁን ሥር አስቀድሞ ማስላት ነው፤ (60 + 59.97) ÷ 2 = 59.985። የሥሮቹ ብዜት 1 ስለሆነ ትንሹ 1 ÷ 59.985፣ ማለትም 0.01667 ይሆናል። የተጠቀምንበት ዳግም ዘር ያው 59.97 ነው። ኮምፒውተርም የሚይዘው አሃዝ ውስን ስለሆነ ለ ከሌሎቹ እጅግ ሲበልጥ በዚሁ መንገድ ይሳሳታል።

ወደ ዲግሪ 3 ስንወጣ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ያሳተመው ቀመር አለ፤ ለዲግሪ 4ም እንዲሁ። በእጅ ለሚሠራ ሰው ግን አይመከሩም፤ ረጅም ናቸው፤ የዲግሪ 3 ቀመር ሦስቱም ሥሮች እውን ሆነው ሳለ እንኳ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች አዙሮ ሊወስድ ይችላል። የሚሻለው ሥር ሊሆኑ የሚችሉትን ክፍልፋዮች ዘርዝሮ መሞከር ነው። ኮኤፊሸንቶቹ (በተለዋዋጩ ርቢዎች ፊት ያሉት ቁጥሮችና ቋሚው ቁጥር) ሙሉ ቁጥር ከሆኑ፣ ተቃልሎ የተጻፈ ክፍልፋይ ሥር ሊሆን የሚችለው ላዕሉ የመጨረሻውን ቋሚ ቁጥር፣ ታህቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ኮኤፊሸንት ሲያካፍል ብቻ ነው።

2ተ³ − 3ተ² − 11ተ + 6 = 0 ላይ እንሞክረው። 6ን የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 3 እና 6፣ 2ን የሚያካፍሉት 1 እና 2 ናቸው። ዕጩዎቹ ±1፣ ±2፣ ±3፣ ±6፣ ±1/2 እና ±3/2፣ በጠቅላላ 12 ናቸው። ከመሞከራችን በፊት ምልክቶቹን እንይ፦ +፣ −፣ −፣ +። ምልክቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ በዴካርት ሕግ መሠረት የአዎንታዊ ሥሮች ብዛት ከምልክት ለውጦቹ ብዛት ጋር እኩል ነው ወይም በጥንድ በጥንድ ያንሳል፤ ስለዚህ አዎንታዊ ሥሮቹ 2 ናቸው ወይም ምንም የሉም። በተ ፈንታ −ተ ስንተካ ምልክቶቹ −፣ −፣ +፣ + ስለሚሆኑና አንዴ ብቻ ስለሚቀየሩ አሉታዊው ሥር አንድ ብቻ ነው። 3ን ስንተካ 54 − 27 − 33 + 6 = 0 ሆነ። አሁን እናካፍል። ኮኤፊሸንቶቹ 2፣ −3፣ −11፣ 6 ናቸው። 2ን አውርድ፤ 2 × 3 = 6፣ ከ−3 ጋር 3፤ 3 × 3 = 9፣ ከ−11 ጋር −2፤ −2 × 3 = −6፣ ከ6 ጋር 0። የቀረው 2ተ² + 3ተ − 2 ነው፤ ሥሮቹም 1/2 እና −2 ናቸው። ሁለት አዎንታዊ፣ አንድ አሉታዊ፤ ምልክቶቹ እንዳሉት ሆነ።

በዚህ አካፋፈል ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተ³ − 7ተ + 6 ተ² የለውም፤ ቦታው ግን በ0 መያዝ አለበት፦ 1፣ 0፣ −7፣ 6። 0 ከተረሳ 2 ላይ ቀሪው −4 ይወጣና 2 ሥር ያልሆነ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ሥር ነው።

ለዲግሪ 5 እና ከዚያ በላይ በአራቱ መሠረታዊ ስሌቶችና በዘር ብቻ የተሠራ አጠቃላይ ቀመር የለም። ገና አልተገኘም ማለት አይደለም፤ ሊኖር እንደማይችል አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 አረጋግጧል። ለምሳሌ ተ⁵ − ተ − 1 = 0። ክፍልፋይ ዕጩዎቹ 1 እና −1 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም −1 ይሰጣሉ። ግን 1 ላይ −1፣ 2 ላይ 29 ስለሆነ በመካከላቸው ሥር አለ። በኒውተን ዘዴ የፖሊኖሚያሉን ዋጋ ለዴሪቬቲቩ (ለግራፉ ዝንባሌ)፣ ማለትም ለ5ተ⁴ − 1 አካፍለን ከተ እንቀንሳለን፤ በተገኘው ቁጥር እንደግማለን። ከ1.2 ብንነሳ 1.1692፣ ከዚያ 1.1673 እናገኛለን፤ አራቱ አስርዮሽ ቤቶች ከዚህ በኋላ አይለወጡም።

ተደጋጋሚ ሥር ሲኖር ነገሩ ይከፋል። ጥንድ ሥር ላይ ምልክት ስለማይቀየር በምልክት መፈለግ አይቻልም፤ ኒውተንም እዚያ ዴሪቬቲቩ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ በየዙሩ ስህተቱን ወደ ግማሽ ብቻ ይቀንሳል። ተ² − 2ተ + 1 ሁለቱም ሥሮቹ 1 ናቸው፤ የመጨረሻውን 1 ወደ 0.9999 ብንቀይረው 0.99 እና 1.01 ይሆናሉ። የ0.0001 ለውጥ ሥሩን 0.01 አንቀሳቀሰው።

ስለዚህ በተጠጋጋ ሥር እያካፈሉ ዲግሪ ማውረድ ስህተትን ወደ ቀጣዩ እኩልታ ያሻግራል። ካወረዱት እኩልታ ላይ ያገኙትን እያንዳንዱን ሥር እንደ መነሻ ብቻ ይውሰዱትና በመጀመሪያው ፖሊኖሚያል ላይ አንድ ሁለት የኒውተን ዙር ያስኪዱት።