ከስትሮክ በኋላ እንደገና መንቀሳቀስ፦ ጅማ ላይ

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሲዘጋ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሲፈነዳ ይከሰታል። የግራ አንጎል ከተጎዳ ቀኝ ጎን ይዝላል፤ የቀኙ ከተጎዳ ግራው። ሰዉ «ፓራላይዝ ሆነ» ይላል። እጅና እግሩ ግን አልታመሙም፤ የሚያዛቸው አንጎል ነው የተጎዳው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለራቀው ለዚህ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። የማገገሙ ረጅሙ ክፍል ግን ቤት ውስጥ ያልፋል።

የሞተ የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይነሳም። ጤነኛው ክፍል ግን ሥራውን መረከብ ይችላል፤ የሚማረውም በድግግሞሽ ነው። ትልቁ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይታያል። ከ6 ወር በኋላ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ብዙውን ጊዜ እግር ይቀድማል፣ እጅ ይዘገያል፤ ጣቶች ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ናቸው። መቸኮልም ይጎዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አቨርት የተባለ ጥናት በ5 አገሮች 2,104 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ገና በ24 ሰዓት ውስጥ በብዛት ማንቀሳቀስ ውጤቱን እንደሚያብሰው አሳይቷል።

ከልምምዶች ሁሉ ቁጭ ብድግ ማለትን አስበልጣለሁ። ጅማ በእንጨት በርጩማዋ ትታወቃለች፤ በርጩማው ግን ዝቅተኛ ነውና ለጀማሪ ይከብዳል። መጀመሪያ ከፍ ያለ ወንበር ይሁን። ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ የዛለውም ክብደት ይሸከም፣ አስታማሚም አጠገብ ይቁም። ጉልበት ሲመለስ ወደ በርጩማው ይወረዳል። ለእጅ ደግሞ ባዶ ሲኒ ይበቃል፦ ማንሳት፣ ማዞር፣ ረከቦት ላይ መመለስ፤ በቀን ብዙ ጊዜ።

እዚህ ላይ ቤተሰብ በፍቅር ይሳሳታል። ሕመምተኛውን ያጎርሱታል፣ ያለብሱታል፣ ከአልጋ አትነሳ ይሉታል። የማይሠራ እጅ ደግሞ ይረሳል። ማጉረስ ፍቅራችን ነው፤ ግን አንዳንዱን ጉርሻ ራሱ ይሞክር፣ ቢፈስም ይፍሰስ። ትንታ ካለው ግን መጀመሪያ ባለሙያ አዋጣጡን ይየው።

የዛለውን ክንድ ይዞ መጎተት አይገባም፤ ትከሻው ከመጋጠሚያው ሊወርድ ይችላል። ሲያነሱት ወገቡን ይያዙ፣ ሲቀመጥ ክንዱን ትራስ ላይ ያሳርፉለት። «ወልቋል» ብሎ ወጌሻ ጋ ማስጎተትም ሕመሙን ያብሳል። ከዘራ የሚያዘው በደህናው እጅ ነው፤ በጅማ ክረምት ጭቃ ላይ ግን ከዘራ ብቻውን አይበቃም፣ ሰው ይጠጋው።

የደም ግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቋረጥም፤ ሁለተኛ ስትሮክ የተለፋበትን ሁሉ ይወስዳል። መስጊድ መሄድ የናፈቀው ሰው ካለ፣ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ይፈቀዳል። እስከ መስጊዱ በር መራመድ ጥሩ የልምምድ ግብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለናፈቃትም እስከ ቅጥሩ።