በኢትዮጵያ የፌዴራልና የክልል መንግሥታት የሥልጣን ክፍፍል

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን በ21 ንዑስ አንቀጾች ይዘረዝራል፤ መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ ማተምና የመሳሰሉት። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው ይላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ አንቀጽ ሥር የተዘረዘሩትን ብቻ ቆጥረው «ክልሉ ይህን አልተሰጠም» ሲሉ ነው። የቤተሰብ ሕግን ብንወስድ፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የፍቺ አቤቱታ የሚጽፍ ጠበቃ የሚጠቅሰው የአማራ ክልልን ሕግ ነው።

መሬት ከሁሉም ያከራክራል። የመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለዚህ «መሬት የማን ሥልጣን ነው?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። ማን ያወጣል፣ ማን ያስፈጽማል ተብሎ ተለያይቶ መጠየቅ አለበት። ትምህርትና ጤናም እንዲሁ ናቸው፤ አገር አቀፍ መመዘኛውን ፌዴራሉ ያወጣል።

ግብር ላይ ወሳኙ ከፋዩ ማን እንደሆነ ነው። አዳማ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች የግል ድርጅት ተቀጣሪው የደመወዝ ግብር ለኦሮሚያ ክልል፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ደግሞ ለፌዴራሉ ይገባል። ግለሰብ ነጋዴ ሱቁን ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢለውጥ፣ የክልል የነበረው የትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 መሠረት የጋራ ገቢ ይሆናል። የጋራው ገቢ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ ያልተጠቀሰ አዲስ የግብር ዓይነት ሲመጣ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ።

በክልል ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ሆኖም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን ማንኛውንም የመጨረሻ ውሳኔ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊያርመው ይችላል፤ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉምም የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህ በሥልጣን ክፍፍሉ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከሚታሰበው በላይ ነው። የሥልጣን ክርክሩ የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚጠይቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ 11 አባላት ላሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይቀርባል፤ ጉባኤው ትርጉም ያስፈልገዋል ብሎ ሲልከው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ30 ቀናት ውስጥ መወሰን ይኖርበታል።