ደጃፍዎን የላጠው ጨው ብቻ አይደለም

በብርድ አገር ደጃፍ ላይ የተጋገረውን በረዶ ለማቅለጥ ጨው ይበተናል። የበረዶው ወቅት ባለፈ ቁጥር "ጨው ደጃፌን በላብኝ" የሚል ስልክ ይደወልልኛል። ሄጄ ሳየው የኮንክሪቱ ላዩ ተልጦ ጠጠሩ ፈጥጧል። ባለቤቱ ደግሞ መፍትሔውን ቀድሞኝ አግኝቷል፤ "ኮንክሪት አይጎዳም" የሚል ሌላ ከረጢት ገዝቷል!

ተራ ጨው ሲሚንቶን እንደ አሲድ አይበላም። ኮንክሪት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። እዚያ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቀዳዳው ሞልቶ ከሆነ ላዩን ገፍቶ ያነሳዋል። የጨው ጥፋት በረዶውን አቅልጦ ውሃውን ማስገባቱና ቶሎ እንዳይደርቅ ማድረጉ ነው። ክፉኛ የሚልጠውም ወፍራሙ የጨው ውሃ ሳይሆን ከ3 እስከ 4 በመቶ ጨው ያለው ቀጭኑ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ነው የበተንኩት" አይበሉኝ። ያ "ኮንክሪት አይጎዳም" የተባለው ከረጢትም ብዙ ጊዜ ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው፤ እነዚህ እንዲያውም ከሲሚንቶው ጋር ይዋሃዳሉ።

አንድ ደንበኛዬ ጋ ደረጃዎቹ በሙሉ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ድብልቅ የተሞሉ ናቸው፤ ጨውም እኩል ተበትኖባቸዋል። የተላጠው አሸንዳው የሚንጠባጠብበት ደረጃ ብቻ ነበር። ሰውዬው ግን ዛሬም የሚሟገተኝ ስለ ጨው ዓይነት ነው።

መጀመሪያ በአካፋ ይጥረጉ። ጨው የሚበተነው የተጣበቀውን ለማላቀቅ ያህል ነው፤ የቀለጠውን ጭቃማ በረዶ ወዲያው ጠርገው ያውጡ።

"በጨው ፋንታ ማዳበሪያ ይሻላል" የሚሉም አሉ። ማዳበሪያ ውስጥ የሚገኙት አሞኒየም ናይትሬትና አሞኒየም ሰልፌት ሲሚንቶውን በኬሚካል ያፈርሱታል፤ መብላት ማለት ይህ ነው።

"ብርዱ ሲብስ ጨው ጨምር"፦ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ካለፈ ተራ ጨው እምብዛም አይሠራም።

አሸዋ በረዶ አያቀልጥም፤ እግር ይይዛል። አዲስ ኮንክሪት የመጀመሪያውን የበረዶ ወቅት በአሸዋ ብቻ ቢያልፍ ይመረጣል።

"ድንጋይ ነው፣ ምን ይሆናል?" ለግራናይት በአብዛኛው እውነት ነው፤ የመጋጠሚያው ሞርታር ግን ግራናይት አይደለም። የኖራ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ጨዉ ራሱ ሲደርቅ ክሪስታል ሠርቶ ድንጋዩን ያረግፈዋል።

የሚያብረቀርቅ ማሸጊያ ቀብተው የሚተኙም አሉ። ላዩ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ የሚጋገረው ዓይነት ከሥር ያለውን እርጥበት ያፍናል። ወደ ውስጥ የሚሰርገውን፣ ሲላን ወይም ሲሎክሴን የሚባሉት ውሃ የሚገፉ ኬሚካሎች ያሉበትን ይምረጡ፤ ውሃ እየከለከለ እንፋሎት ያስወጣል። የሚቀባው ብርዱ ሳይገባ፣ በደረቀና በጸዳ ገጽ ላይ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ይደገማል። ከዚያ በፊት ግን አሸንዳውን ያስጠግኑ።