ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት፦ ታማሚው እየበዛ፣ ከታመሙት የሚሞተው ድርሻ እያነሰ

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ያለ፣ ኢንሱሊንና ምግብ ሚፈጩ ኢንዛይሞችን ሚሰራ አካል ነው፣ ድንገተኛ መቆጣት ወይም አኪዩት ፓንክሪያታይተስ ሚባለው ደሞ ኢንዛይሞቹ አንጀት ሳይደርሱ እዛው ስራ ጀምረው ራሱን ቆሽቱን ሲፈጩት ነው። ህመሙ ከእምብርት በላይ ተነስቶ ጀርባ ድረስ ይወጋል፣ ሰውየው በጀርባው መተኛት ያቅተዋል፣ ወደ ፊት አጎንብሶ ሲቀመጥ ነው ትንሽ ቀለል ሚለው፣ ትውከትም አለው። እኛ ጋ ከደረት በታች ያመመው ሁሉ "ጨጓራ ነው" ተብሎ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ መድኃኒት) ገዝቶ ቤቱ ይቀመጣል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

በ2019 (በፈረንጆቹ) በአለም ላይ ወደ 2.8 ሚሊየን ሰው እንደታመመና ወደ 115,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ምእራባውያን አገሮች ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ታማሚው በአመት በአማካይ 3 ፐርሰንት ገደማ ሲጨምር ነው የቆየው፣ እስያ ላይ ግን እንደዛ አይነት ግልፅ ጭማሪ አልታየም።

ዋናው ምክንያት የሐሞት ጠጠር ነው፣ ትንሿ ጠጠር ወርዳ ሐሞትና ቆሽት በጋራ ሚያፈሱበትን ቱቦ ትዘጋለች፣ ውፍረት በጨመረበት አገር ጠጠሩም አብሮ ይጨምራል። ሁለተኛው አልኮል ነው፣ ፊንላንድ ውስጥ ከ1970 እስከ 1989 ከ100,000 ሰው 47 ገደማ የነበረው ወደ 73 የወጣው በዋናነት በመጠጥ ነው። ቻይና ላይ ደሞ ትራይግሊሰራይድ ሚባለው የደም ቅባት ትልቅ ቦታ እየያዘ ነው፣ ቅባቱ በጣም ከፍ ያለበት ሰው ደም ተቀድቶ ትንሽ ሲቆይ ከላይ ሚቀረው ፈሳሽ ወተት ይመስላል። በህንድና ፓኪስታን መሀል ባለችው ካሽሚር ውስጥ ወስፋት ቱቦው ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው አሳሟል፣ ወስፋት በማይጠፋበት አገራችንም ሐኪም ሊያስበው ይገባል። ከጭማሪው ከፊሉ ግን ምርመራ ስለበዛ ነው፣ ላይፔዝ ሚባለው የቆሽት ኢንዛይም ደም ውስጥ ተለክቶ ከጤነኛው ከፍተኛ ልክ 3 እጥፍ ካለፈ በሽታው ይጠረጠራል፣ ድሮ ሳይታወቅ ሚያልፈው ቀላሉ አሁን ይቆጠራል።

ሞቱን በተመለከተ ከ10 ታማሚ 8ቱ ገደማ ቀላሉ ዓይነት ነው ያለበት፣ በሳምንት ውስጥ ይድናል። ሚገድለው ኩላሊት፣ ሳንባ ወይም የደም ዝውውር ደክሞ ከ48 ሰአት በላይ ሲቆይ ነው፣ ከነዚ ታማሚዎች ዛሬም ከ5 አንዱ እና ከዛም በላይ ይሞታል። አንዳንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታል፣ ሌላው ከሳምንታት በኋላ የሞተው የቆሽት ክፍል ኢንፌክሽን ሲይዝ።

ድሮ ሆድ ቶሎ ተከፍቶ የሞተው ስጋ ይጠረግ ነበር፣ ብዙ ሰውም በዚ አልቋል። በ2010 የሆላንድ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት ነገሩን ቀየረው፣ መጀመሪያ በቀጭን ቱቦ መግሉን ማፍሰስ፣ ካልበቃ ብቻ ወደ ኦፕራሲዮን መሄድ፣ ከባድ ችግር ወይም ሞት ከ69 ወደ 40 ፐርሰንት ወረደ። በደም ስር ሚሰጠውን ፈሳሽ (በተለምዶ ግሉኮስ ሚባለውን) እንደ ውሃ ማፍሰስም ቀረ፣ በ2022 በወጣ ጥናት ብዙ ፈሳሽ የተሰጣቸው ጥቅም ሳያገኙ ውሃ በዝቶባቸው የተቸገሩት በጣም በለጡ።

በሐሞት ጠጠር ታሞ የዳነ ሰው "ከወር በኋላ ና" ተብሎ መሸኘቱ ግን አሁንም አለ፣ በ2015 የወጣ የሆላንድ ጥናት ላይ በጠጠሩ ምክንያት ተመልሰው የተኙት ወይም የሞቱት ከጠበቁት 17 ፐርሰንት ሲሆኑ ከሆስፒታል ሳይወጡ የሐሞት ከረጢታቸው በኦፕራሲዮን ከወጣላቸው 5 ፐርሰንት ብቻ ናቸው።