በልካችን የተሰፋ ክርስቶስ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

በበርሊን ማሪየንዶርፍ ሰፈር በ1935 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀ አንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል። በስብከት ሰገነቱ ላይ ጌታችን ሲያስተምር ተቀርጿል፤ ከአድማጮቹ መካከል የብረት ቆብ የደፋ ወታደር አለ። በማጥመቂያው ላይ ደግሞ የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ይታያል። ሕፃናት በሥላሴ ስም የሚጠመቁት እዚያው ነበር!

ይህን ያሠሩት ከሃዲዎች አልነበሩም፤ እሑድ እሑድ የሚዘምሩ ምእመናን ነበሩ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የደምና የአፈር ተረት፣ ማለትም ናዚዎች የጀርመንን ዘርና ምድር ያመለኩበት ትምህርት፣ ክርስቶስን ከመቅደስ አላስወጣውም፤ በቦታው አስቀምጦ ጀርመናዊ ልብስ ሰፋለት። ጣዖቱ ሌላ ስም ቢኖረው ኖሮ ብዙዎች በሸሹት ነበር።

ልብሱ ልክ እንዲሆን ግን መቆረጥ ያለበት ነበር። ኅዳር 1933 በበርሊን የስፖርት አዳራሽ ሃያ ሺህ ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «የጀርመን ክርስቲያኖች» ከተባለው ናዚን ደጋፊ የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ አንድ መሪ ብሉይ ኪዳን ይወገድ አለ። በ1939 ደግሞ የአይሁድን ተጽዕኖ ከቤተ ክርስቲያን የሚያጠፋ ተቋም በአይዘናህ ከተማ ተከፈተ፤ ሉተር አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመበት ግንብ ባለበት ከተማ። ተቋሙ በ1940 ያሳተመው አዲስ ኪዳን የጌታን የትውልድ ሐረግ አስቀርቷል። የዳዊት ልጅ፣ የአብርሃም ልጅ የሚለውን ማለት ነው። «ሃሌ ሉያ» እንኳ ከመዝሙር መጽሐፋቸው ወጣ። «መዳን ከአይሁድ ነውና» ያለው ግን ራሱ ጌታ ነው (ዮሐ. 4፥22)። ዘሩን የካድንበት ክርስቶስ፣ ሥጋ የለበሰው ክርስቶስ አይደለም።

ይህን ትምህርት የተቃወሙም ነበሩ፤ ግንቦት 1934 በጀርመን ባርመን ከተማ 139 የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ተሰብስበው እምነታቸውን መሰከሩ። በሕይወትም በሞትም የምንሰማውና የምንታዘዘው የእግዚአብሔር ቃል፣ መጽሐፍ የሚመሰክርለት ኢየሱስ ክርስቶስ ብቻ ነው አሉ፤ ከእርሱ ጎን ሌላ ኃይል፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ክስተት የእግዚአብሔር መገለጥ ሊሆን አይችልም። «እኔ መንገድና እውነት ሕይወትም ነኝ» የሚለውን ቃል (ዮሐ. 14፥6) መነሻ አደረጉ። መልካም ምስክርነት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ስለ ተሰደዱት አይሁድ አንድም ቃል የለበትም። የምስክርነቱ ዋና አርቃቂ፣ የነገረ መለኮት ምሁሩ ካርል ባርት፣ ከዓመታት በኋላ ይህን እንደ ራሱ በደል ቆጥሮታል።

ጥቅምት 1945 በሽቱትጋርት የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ንስሐ ገቡ፦ በበለጠ ድፍረት አልመሰከርንም፣ በበለጠ ታማኝነት አልጸለይንም አሉ። በዚያም ላይ አይሁድ በስም አልተጠሩም። በዝምታችን በአይሁድ ላይ ለተፈጸመው በደል ተባባሪ ሆነናል የሚለውን ቃል የጀርመን ወንጌላውያን ሲኖዶስ ያወጣው በ1950 ነው።