«ወልዳለች፣ አበቃላት» የምትሉ ሆይ

ውርወራ በማሰለጥንበት ሜዳ ዳር በየጊዜው የምሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «እሷማ ወልዳለች፣ አበቃላት።» ወላጆች ብቻ ቢሉኝ በታገስኩ። አሰልጣኞችም ይሉታል!

እስቲ የፈረንሳይዋን ዲስከስ (ክብ ጠፍጣፋ ዲስክ) ወርዋሪ ሜሊና ሮበር-ሚሾንን ተመልከቱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በ2010 ነው። እስከዚያ በሲድኒ፣ በአቴንስና በቤጂንግ ሦስት ኦሊምፒክ ተካፍላ ከኦሊምፒክም ሆነ ከዓለም ሻምፒዮና አንድም ሜዳሊያ አልነበራትም። የኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያዎቿ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። በ2013 ሞስኮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ብር፣ በ2016 ሪዮ ላይ የኦሊምፒክ ብር፣ በ2017 ለንደን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ። ሪዮ ላይ የወረወረችው 66.73 ሜትር የፈረንሳይ ክብረ ወሰን ሲሆን ዕድሜዋ 37 ነበር። በ2018 ሁለተኛ ልጇን ወለደች። በ2024 ደግሞ በ45 ዓመቷ፣ በሰባተኛ ኦሊምፒኳ፣ ፓሪስ ላይ የአገሯን ባንዲራ ይዛ ወጣች፤ ማጣሪያውንም አልፋ ለፍጻሜ ደረሰች። አበቃላት ማለት ይህ ነው?

መውለድ ሜዳሊያ ያመጣል እያልኩ አይደለም። ዲስከስ ዘግይቶ የሚበስል ስፖርት ነው። 2.5 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ በፍጥነት እየዞሩ ሚዛን መጠበቅ በዓመታት ድግግሞሽ የሚገኝ ችሎታ ነው፤ አንድ የወሊድ ዓመት አያጠፋውም።

እኔ ራሴ ያሰለጠንኳት ልጅ ስታረግዝ ክለቧ ስሟን ሰረዘ። ከወለደች በሁለተኛው ዓመት ከቀድሞ ምርጧ አንድ ሜትር ተኩል አስበልጣ ወረወረች። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

«ዲስከስ የክንድ ጉልበት ነው» ለሚሉም፦ ጉልበቱ ከእግርና ከዳሌ ይነሳል፤ ክንድ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው።

«ከኋላ የሚነፍስ ነፋስ ይረዳል»፦ በዲስከስ ተቃራኒው ነው። ልኩን የጠበቀ የፊት ነፋስ ዲስኩን ያንሳፍፈዋል።

ለአራሷ አትሌት ግን ይህን ልንገርሽ። ሐኪምሽ ሳይፈቅድ ክብደት አታንሺ፣ አትዝለይ። መጀመሪያ የሆድሽንና የዳሌ ወለል (ፊኛንና ማህፀንን ከስር የሚደግፈውን) ጡንቻሽን ጥንካሬ መልሺ። ከዚያ ዲስክ ሳትይዢ እግርሽን ብቻ አለማምጂ፣ ቀጥሎ ቆመሽ ወርውሪ፤ ሙሉው ዙር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሽንት ካመለጠሽ ወይም ዳሌሽን ካመመሽ አቁሚና ተመርመሪ፤ ማፈር የለም። የምታጠቢ ከሆነ ደግሞ ልጁ ከጠባ በኋላ ወደ ሜዳ ነይ፤ ጡትሽ ሞልቶ መዞር ያማል።