የከፍታ ሴንሰር ምንድን ነው?

ደንገጎን በሌሊት የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር መንገዱ እየተጠማዘዘ ተራራው ላይ ይወጣል። ከላይ የሚወርድ መኪና መብራቱን ፊታችሁ ላይ ከለቀቀው ለጥቂት ሰከንድ ምንም አይታያችሁም። በዚያች ጥቂት ሰከንድ መኪናችሁ መሄዱን አላቆመም። ገደሉም እዚያው አጠገባችሁ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በፊት አንድ የእቃ ማድረሻ ቫን የሚነዳ ልጅ ጋራዣችን መጣ። ቫኑ የኤሌክትሪክ ነው። ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የታሸገ ውሃ እየጫነ ሐረር ያደርሳል።

«ጋሼ፣ የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራት ብልጭ ብልጭ ያደርግብኛል። ረጅሙን ያበራሁ መስሏቸው ነው። ወላሂ አጭሩ ላይ ነኝ።»

«ባዶህን ስትመለስስ?»

«ስመለስማ ማንም አይናገረኝም።»

ነገሩ እዚህ መልስ ውስጥ አለ። ቫን ኋላው ላይ ሲጫን ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ቀና ይላል። መብራቱም አብሮ ቀና ይላል። ይህን አይቶ መብራቱን ዝቅ የሚያስደርግ አንድ ትንሽ እቃ አለ። እሱ ሥራውን ትቷል ማለት ነው።

የዚህ እቃ ስም የከፍታ ሴንሰር ነው። ጋራዥ ውስጥ «ሃይት ሴንሰር» ሲባል ትሰማላችሁ። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ሲሆን ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ላይ በቡሎን ይታሰራል። ከጎኑ አጭር ክንድ ይወጣል። ክንዱ ጫፍ ላይ ቀጭን ዘንግ ተገጥሟል፣ የዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከአክስሉ ወይም ከጎማው ጋር ከፍ ዝቅ ከሚለው የሰስፔንሽን ክንድ ጋር ይያያዛል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ክንዱን ይገፋዋል፣ ክንዱ ይዞራል። እንግዲህ ሴንሰሩ ሜትር ይዞ ከፍታ አይለካም። የሚያውቀው የክንዱን መዞር ብቻ ነው። «ይህን ያህል ከዞረ ይህን ያህል ወርዷል» የሚለውን ሂሳብ የሚሠራው የመኪናው ኮምፒውተር ነው።

ውስጡ ምን አለ? የድሮዎቹ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ናቸው። ውስጣቸው አንድ ትንሽ ብረት መስመሩ ላይ እየተፋተገ ይሄዳል። የቆየ ሬዲዮ ድምፁን ስትጨምሩት እንደሚንኮሻኮሽ፣ እነዚህም ሲያረጁ መሃል ላይ ይዘላሉ። አሁን የሚመጡት በአብዛኛው ማግኔት ነው ያላቸው። ማግኔቱ ከክንዱ ጋር ይዞራል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ቺፕ ሳይነካው ወዴት እንደዞረ ያነባል። ስለማይነካካ ቶሎ አያልቅም።

ወደ ሴንሰሩ በአብዛኛው ሦስት ሽቦ ይሄዳል። አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ ማሳ (ኔጋቲቭ) ነው፣ ሦስተኛው መልስ ይዞ ይመለሳል። የብዙዎቹ መልስ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ባለው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ውጭ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሽቦ ተበጥሷል ወይም እርስ በርሱ ተነካክቷል ብሎ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነ የሚፈራ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጋራዥ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ ፍርሃቱም አብሮ መጥቷል። ሴንሰሩ ከትልቁ ባትሪ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። የሚሠራው እንደ ማንኛውም መኪና በትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ በኩል ነው። ብርቱካናማ ኬብል ግን አትንኩ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው እሱ ነው። ክሪክም ከወለሉ ስር ካለው የባትሪ ሳጥን ላይ አይደገፍም። ሳጥኑ ከተጎዳ ኪሳራው ከሴንሰሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የማንሻ ቦታው በመመሪያው ላይ አለ፣ እዚያ ብቻ ነው የሚነሳው።

ሴንሰሩ የሚያገለግለው ለመብራት ብቻ አይደለም። ከባሌስትራ ወይም ከሞላ ይልቅ በአየር ከረጢት ላይ የሚቀመጥ መኪና ካላችሁ ያለ እሱ አይሆንም። አየር ይጨመር ወይስ ይቀነስ የሚለው የሚወሰነው እሱ በሚናገረው ነው። ዝቅ ብሏል ብሎ ከዋሸ ፓምፑ ሳያርፍ ይነፋል፣ እስኪግል ድረስ። ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አይደለም። የድሮ ሃይሉክስ ኋላ ስር ገብታችሁ ካያችሁ ከአክስሉ ወደ ላይ የሚሄድ ዘንግና የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነቱ ሲበዛ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ሽቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ግን ያው ሥራ ነው።

ወደ ልጁ ቫን ልመለስ። ከስር ገብቼ ያየሁት ነገር አናዶኛል። የዘንጉ ጫፍ ከክንዱ ጋር ከሚያያዘው ትንሽ ኳስ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ክንዱ ደግሞ በቀጭን ሽቦ ከሻንሲው ጋር ታስሯል። ልጁን ስጠይቀው ከወር በፊት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶበት አንድ ጋራዥ እንዳስገባውና «አስተካክለነዋል» እንዳሉት ነገረኝ። መብራቱ በእርግጥ ጠፍቷል። ክንዱን መሃል ላይ ስላሰሩት ሴንሰሩ ደህና የሚመስል ቮልት ይልካል። ኮምፒውተሩም አመነ። ቫኑ 40 ካርቶን ውሃ ይጫን ወይም ባዶውን ይሁን፣ ለሱ ሁልጊዜ ባዶ ነው። አንድ ወር ሙሉ ልጁ ሳያውቀው ደንገጎ ላይ የሰው አይን ሲያጠፋ ከረመ። ቢጫው መብራት በርቶ ቢቀር ይሻል ነበር። ቢያንስ ልጁ ችግር እንዳለ ያውቅ ነበር።

እቃ ከመግዛት በፊት መለካት አለ። ክንዱ የታሰረበትን ሽቦ ቆርጬ፣ ክንዱን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩት፣ ቴስተሩን መልሱ ሽቦ ላይ አድርጌ። 1.8፣ 1.9፣ 2.0 አለና በአንዴ 3.1 ላይ ዘለለ፣ ተመልሶ ዜሮ ገባ። ጤነኛ ሴንሰር ሳይዘል በዝግታ ነው የሚወጣው። 5 ቮልቱም ማሳውም ደህና ነበሩ። ስለዚህ ጥፋቱ ሴንሰሩ ራሱ ላይ ነው። ይህን ልኬት ሳያደርጉ የሚለውጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጤነኛ እቃ ይጥላሉ። ጥፋቱ ዝገት የያዘው ሶኬት ወይም የወጣው ዘንግ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለምን ተበላሸ? የክንዱ ማዞሪያ ዙሪያ ያለው ጎማ ተሰነጣጥቆ ነበር። የድሬ ሙቀት ጎማ ያደርቃል። ልጁ ደግሞ መንገድ ለማሳጠር የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ በአሸዋው ያቋርጣል። አሸዋው ገባ፣ ከዚያ የእጥበት ውሃ ገባ፣ ማዞሪያው ከረረ። ክንዱ አልዞር ሲል ዘንጉ ተገፍቶ ከኳሱ ወጣ። የከረረውን ሳይለውጡ ዘንጉን ብቻ ቢመልሱት በሳምንቱ ይወጣ ነበር።

መለወጡ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መኪናው ይጠፋል፣ የ12 ቮልቱ ባትሪ ኔጋቲቭ ይፈታል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር አይገባም፤ ስታንድ ይደረጋል። መኪናው በአየር ከረጢት የሚቆም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሲስተሙ ይዘጋል። አለበለዚያ ስሩ እያላችሁ ራሱን ሊያወርድ ይችላል። ሶኬቱን በፒንሳ አትጎትቱ፣ መቆለፊያውን በጣት ተጭናችሁ አውጡ። ሁለት ቡሎን ነው፣ በ10 ቁልፍ ይፈታል። የዘንጉን ጫፍ በካቻቢቴ ስትፈለቅቁ ኳሱን አታጣሙ።

እቃ ስትገዙ ቁጥሩን ፊደል በፊደል አስተያዩ። መጀመሪያ የገዛነው ከአሮጌው ጋር መንታ ይመስል ነበር። ቀዳዳው ልክ፣ ሶኬቱ ልክ። ቁጥሩ ግን መጨረሻው ላይ በአንድ ፊደል ይለያል፤ የሌላኛው ጎን ነው። በአንዳንድ ሴንሰሮች የግራውና የቀኙ መልስ ተቃራኒ ነው። አንዱ ሲጫን ቮልቱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። ያንን ብንገጥመው ኖሮ መኪናው በተጫነ ቁጥር መብራቱ ጭራሽ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። መለስነው።

ከዚያ ሰው የሚዘነጋው ክፍል ይመጣል። አዲሱ ሴንሰር ይህ መኪና ባዶውን ሲሆን የት እንደሚቆም አያውቅም። አትክልት ሻጭ ሚዛን ላይ ሰሐን ስታስቀምጥ መጀመሪያ ዜሮ ታደርገዋለች። ካላደረገች ሽንኩርት የገዛ ሁሉ ሰሐኑንም ይከፍላል። ሴንሰሩም እንዲሁ ነው። በኮምፒውተር ገብቶ «ባዶነቱ ይህ ነው» ተብሎ ካልተነገረው በስህተት ላይ እየደመረ ይሄዳል።

ለዚህ ደግሞ ወለሉ ልክ መሆን አለበት። የኛ ጋራዥ ወለል ልክ ይመስለኝ ነበር። ከጎረቤት ግንበኛ ውሃ ልክ ተውሼ ሳስቀምጠው አረፋዋ ወደ በሩ ሸሸች። ቫኑን ወደ ጓሮው ወሰድነው፣ እዚያ አረፋዋ መሃል ቆመች። የአራቱንም ጎማ ነፋስ አስተካከልን። ልጁ የቀረውን ካርቶን አወረደ፣ ከኋላ ያስቀመጠውን ትርፍ ድንጋይም ጭምር፤ ዳገት ላይ ጎማ የሚያስደግፍበት ነው። በሩን ዘጋን፣ ማንም ውስጥ የለም። ከዚያ ነው ዜሮ ያደረግነው፣ የተመዘገበውንም ስህተት ያጠፋነው።

ማምሻውን ቫኑን ከአጥሩ ግንብ ፊት አቆምነው። አጭሩን መብራት አብርተን ጥላና ብርሃን የሚለያዩበት መስመር ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ልጁ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ኋላ መጫን ጀመረ። መስመሩ ከጠመኔው በላይ ቀስ እያለ ወጣ። ትንሽ ቆየ። ከፊት መብራቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ትንንሽ ሞተሮች ሲዞሩ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ ብርሃኑም ዝቅ ብሎ ጠመኔው ላይ ቆመ።

«ደግሜ ላራግፈው ጋሼ?» አለኝ ልጁ። አራገፈው፣ እንደገናም ጫነው።